ለስድስት ሰዓት የሚደርስ ሱሪ

ግቢ እንጂ፣ በር ላይ ምን አቆመሽ? ወንበሩ ላይ ያለውን ጨርቅ ወዲያ አድርጊውና ተቀመጪ። መርፌ እንዳይወጋሽ ብቻ እዪ… ባለፈው አንዲት ሴትዮ ሳታይ ተቀምጣ ከመቀመጧ መነሳቷ ፈጠነ። ቀሚስሽ አልቋል፣ ካውያ ብቻ ነው የቀረው። ምነው ከሳሽ? የተማሪ ደብተር ማረም ነው አይደል? የአክስቴ ልጅ፣ ሰው እንዲህ ለሰው ልጅ አያልቅም። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤን ትንሽ ያዝ ያደርገኛል እንጂ።

ዛሬ ደግሞ በሩን በቅጡ ሳልከፍት ድንገተኛ ሥራ መጣብኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ደንበኛ አለ። ድምፅሽን አትቀንሺ፣ የቤት ሰው ነው። ከመኪና ሲወርድ ሱሪው ከኋላ ተተረተረና ይኸው በኮቱ ብቻ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከላይ ሲታይ ሙሉ ሰው ነው… ከታች ነው የጎደለው። ምን ይደረግ፣ ሰው ሲደላው ይወፍራል፤ ጨርቅ ግን አብሮ አይወፍርም።

ወንድሜ? ደህና ነው። ምን ይሆናል፣ የሚመታው የለ። አሁንም በቦክስ ከባድ ሚዛን አንደኛ ተፎካካሪ ነው፤ ከሱ በላይ ያለው ሻምፒዮኑ፣ ባለ ቀበቶው ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንደኛ። አንቺ አስተማሪ ነሽና እስኪ አስረጂኝ፤ አንደኛ የወጣ ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ፈተና አትቀመጥ ይባላል? እናንተ ጋ አይባልም? እንግዲህ ቦክስ ከናንተ ትምህርት ይረቃል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ የማመሰግነው አንድ ሰው አለ። ስሙን አላነሳም፤ ስም ካነሳሁ ሐሜት ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ወንድሜን የሚያስተዳድርለት፣ ውሉን የሚዋዋልለት ሰው ነው በይ። ልጅ ሆኖ እኛ ቤት ነው ያደገው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ለሁለቱ በአንድ ሳህን ነበር የምታቀርብላቸው። ያጎረሱት እጅ ይነክሳል ሲሉ እሰማለሁ… እሱ ግን አንድ ቀን አልነከሰንም። ጥርሱን የሚፈልገው ለሌላ ማዕድ ነው።

ይሄ ሰው ባይኖር ወንድሜ ይሄኔ አፍንጫው ተሰብሮ ነበር። አሁን ሄደሽ እዪው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ፣ አፍንጫው ግን እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። የትኛው ከባድ ሚዛን ነው በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚያምረው? ሐኪሙ እንኳ አድንቆ ለዚህ ዓመት ብቻ ፈቃድ ፈረመለት፤ ከርሞ አልፈርምም ብሎታል። ዘንድሮ ካልገጠመ አፍንጫውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? የወንድሜ እንቁላል ሄዶ ሄዶ ጉልበቱን አመመው።

ውይ… ክሩ ተበጠሰ። ይሄ ክር ዛሬ ምን ነካው? እየደረሰልህ ነው፣ አይዞህ! ደንበኛውን ነው። ምስኪን፣ ቸኩሏል መሰለኝ።

ነገሩ እንዴት መሰለሽ… ደንቡ ባለ ቀበቶው ከአንደኛው ተፎካካሪ ጋር ይጋጠም ይላል። ግን አንደኛው «ተራዬን ለቅቄያለሁ» ብሎ ከፈረመ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል። ለፈረመውም የሆነ ነገር ይጥሉለታል፤ ተራ መልቀቂያ ይሉታል። ከዚያ ላይ ደግሞ አስተዳዳሪው ድርሻ አለው። ስለዚህ ወንድሜ ሃያ ሁለት ሰው ጥሎ ካገኘው፣ ማንንም ሳይነካ ቁጭ ብሎ ያገኘው ይበልጣል። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በሰማይ አለ። ወደ ሪንጉ የሚወስደው የምድሩ ነው የጠፋው።

የመጀመሪያው ጊዜ ባለ ቀበቶውን የገጠመው ማን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ያ በስልክ ላይ ጥሬ እንቁላል በመዋጥ የታወቀው ልጅ። በአንድ ትንፋሽ አርባ ሁለት። ያ ስሙን የማላነሳው ሰው እዚሁ ቁጭ ብሎ አስረዳን፤ «እንቁላሉን ስንት ሚሊዮን ሰው አየው፣ የወንድምሽን ቡጢ ስንት ሰው አየው?» አለን። የወንድሜን ቡጢ ያዩት ሃያ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ለትንሽ ጊዜ ነው ያዩት። ስታዲየሙ ጢም አለ። ግጥሚያው አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀ። ጎረቤቴ መኪናውን የሚያቆምበት ሲፈልግ አለቀበት።

ሁለተኛው ያ ጡረታ የወጣው የድሮ ሻምፒዮን ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ። መነጽሩን ለዳኛው አስይዞ ገባ። ሕዝቡ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ አለቀሰ፤ በጣም የተሸጠው መሐረብ ነው ይባላል። ሦስተኛው ትግል የሚታገለው ግዙፉ ነበር፤ ቡጢ አልተማረም፣ ማቀፍ ግን ተምሯል። ስድስት ዙር ሙሉ ተቃቅፈው ቆሙ። ዳኛው ሊያላቅቅ ገብቶ እሱም መሐል ቀረ። ሥዕሉን አይተሽዋል? የሦስት ወንድማማቾች ፎቶ ነው የሚመስለው።

ሦስቱንም ጊዜ ወንድሜ ፈረመ። ሦስቱንም ጊዜ ያ ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «የሚቀጥለው ያንተ ነው» አለው። ደግሞስ መች ዋሸ? የሚቀጥለው የሚባለው እኮ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ነው።

ይቅርታ… እጅ ከመጋረጃው ወጣ መሰለኝ። ውሃ ጠምቶት ነው። ያንን ብርጭቆ አስይዢልኝ እስኪ። ቆሞ መጠበቅ ያስጠማል፣ ወንድሜን ጠይቂው።

በእርግጥ ጥፋቱ የወንድሜም ነው፤ እውነት መነገር አለበት። ልጁ አይሸጥም። አሸንፎ ሲያበቃ ፎጣውን አጥፎ፣ የተሸነፈውን «ይቅርታ፣ አመመህ?» ብሎ፣ አውቶቡስ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ማን ሊያይ ይከፍላል? አንድ ጊዜ ያ ሰው ስድብ አጽፎ አመጣለትና እዚህ መስታወት ፊት ሳምንት ሙሉ አለማመድነው። እኔ ራሴ ባለ ቀበቶውን ሆኜ ተሰደብኩለት። ቀኑ ደረሰ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃል፤ ወንድሜ ባለ ቀበቶው ፊት ሄዶ ቆመና «የጫማህ ክር ተፈቷል፣ እንዳይጥልህ» አለው። አጎንብሶም አሰረለት። በዚያ ቀን ለራሱ ለወንድሜ ግጥሚያ ሰባት ትኬት ተሸጠ። አራቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።

እና አስቢው… እንዲህ ያለ ሰው ቢያሸንፍ ቀበቶው በፌስታል ተጠቅልሎ አውቶቡስ ሊሳፈር ነው። ለማን ይበጃል? ለግጥሚያ አዘጋጁ አይበጅ፣ ለቴሌቪዥኑ አይበጅ፣ በሁለቱም በኩል ለሚያስበው ለዚያ ደግ ሰው አይበጅ። በሁለቱም በኩል ያልኩት… ከአዘጋጁ ጋር ምሳ ሲበላ አየሁት ያለኝ ሰው ስላለ ነው። አንድ ጊዜ አይደለም አሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ሁለት ቤት የበላስ በየትኛው ይጮኻል? ዝም ይላላ። ውሻ አልኩ እንዴ? ተረት ነው እኮ። ተረት ደግሞ ባለቤት የለውም፣ ልኩ የሆነ ይለብሰዋል።

ያ የሚንቀጠቀጠው ነገር? ስልክ ነው፣ ተይው። የደንበኛው ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ጠረጴዛዬን ያንቀጠቅጠዋል። የሰው ስልክ ማንሳት ነውር ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ… እኩል ያሳደገችው ሁሉ ይሄን ያውቃል።

ዘንድሮ ደግሞ ማን እንደተመረጠ ሰማሽ? ጥርስ ሐኪም። አትሳቂ፣ ከልቤ ነው። ባለ ቀበቶው ሚስቱን ፈታ አይደል? እሷ ደግሞ ጥርስ ሐኪም አገባች። ሰውየው መቶ አሥር ኪሎ ነው፣ ሚዛኑን አሟላ። ቡጢ በዕድሜው ሰንዝሮ አያውቅም፤ ሕዝቡም ይሄን አልጠየቀም። ሕዝቡ የጠየቀው ማን ማንን የበለጠ ያናድዳል የሚለውን ነው። ገና ወሬው ሲሰማ ትኬት የት ነው የሚሸጠው ብለው እዚህ እኔ ጋ ሳይቀር መጡ። ሴትየዋን የቱ ጋ እንደሚያስቀምጧት ሁለት ስብሰባ ተደርጓል አሉ። ለሐኪሙ አላዝንለትም። የባለ ቀበቶውን ቡጢ የቀመሰ ሁሉ በማግስቱ እሱ ጋ ነው የሚሰለፈው። እሱ ራሱ ቢመታስ? የራሱን ራሱ ይሠራል፣ ማን ይጠይቀዋል።

ግን ለዚህም የወንድሜ ፊርማ ያስፈልጋል። ትናንት ከሰዓት አንቺ አሁን የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጦ «ዘንድሮስ ቢገድሉኝ አልፈርምም» አለኝ። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ ነውና ደነገጥኩ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ልምምዱ ሄደ።

ቆይ እስኪ… ይሄ ስፌት ጠመመብኝ። አየሽው? ጠማማ ነገር ከእጄ እንዲወጣ አልፈልግም። ልፍታውና እንደገና ልስፋው። ትንሽ ነው የቀረው፣ ወንድም ዓለም! ሳለ እንዴ? ነፋስ ነው፤ በዚያ መስኮት የሚገባው ነፋስ አንዳንዴ ያስላል።

እኛ ልብስ ሰፊዎች አንድ ደንብ አለን፤ ሱሪ መቀስ ሳይነካው ኪሱ ይራገፋል። የማን ሱሪ እንደሆነ አልናገርም፣ በቀን ስንት ሱሪ ይመጣል… ከአንዱ ኪስ ስልክ፣ ማበጠሪያ፣ ሁለት ከረሜላና አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። የሰው ወረቀት አላነብም። ግን የታጠፈ ነገር ሳይ መዘርጋት ልማዴ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የተኮስኩበት እጅ እንዴት ይተወኛል? ዘረጋሁት። ዓይን ደግሞ እንደ ወረቀት አይታጠፍ።

«ተራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል። ከሥሩ የወንድሜ ስም። ከስሙ ጎን ፊርማ። እንዴት ያለ ፊርማ መሰለሽ… መነሻው ክብ፣ ጅራቱ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ። የወንድሜን እጅ ታውቂው የለ? ሁለቴ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ስሙን ሲጽፍ ፊደሎቹ የተኳረፉ የሚመስሉ። ያ እጅ ከትናንት እስከ ዛሬ እንዴት እንዲህ አማረ? አንድ ደግ ሰው ይዞ አስጠንቶት ነው። ወይም ደግሞ ልጁን አላድክመው ብሎ ራሱ ደከመለት። ለጓደኛው የሚሞት አለ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ የሚፈርምለት ግን ብርቅ ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅ አንቺ አለሽ? እኔም የለኝም። ተመስገን… ማለቴ፣ ምን ይደረግ።

ከሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው መስመር ነው። ወረቀቱ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ካልገባ፣ ተፎካካሪው ተራውን እንደያዘ ይቆጠራል ይላል። ያን ጊዜ ባለ ቀበቶው ወይ ይገጥመዋል፣ ወይ ቀበቶውን ያስረክባል። ሐኪሙም ወደ ጥርሱ። እስኪ አስቢው፣ የሰው የአራት ዓመት ተራ በአንድ ተላላኪ እግር ላይ ተንጠልጥላ… ያውም ተላላኪው ሱሪ ካለው።

ስንት ሰዓት ሆነ? ሩብ ጉዳይ? ጊዜው እንዴት ይሮጣል። እኔ ደግሞ ጥድፊያ አልወድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የቸኮለስ ወንድ? ይሄን ያህል የቸኮለ ሰው ቢኖር እንዲሁ በኮቱ ብቅ ማለት ይችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱም ያው ሰው የሞላበት ነው። ባለ ቀበቶውና ሐኪሙ የሰበሰቡትን ሕዝብ በነጻ ይሰበስብ ነበር። ትኬት የሚያሸጥ ነገር ምን እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም… ማለቴ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ነገር አዋቂ ናቸው ለማለት ነው።

አንቺ አትነሺ፣ ቀሚስሽን አሁን እተኩስልሻለሁ። ይቺን ጠርዝ በእጅ ልጨርሳት። በእጅ የተሰፋ አይተረተርም፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። አንድ… ሁለት… ክር ደግሞ አለቀ። ያንን ጥቁሩን አቀብይኝ። ይሄ ሰማያዊ ነው፣ የኔ ዓለም። ይሄኛው ደግሞ ቡናማ ነው። አዎ፣ ያ። ለጥቁር ሱሪ ጥቁር ክር ነው የሚሆነው፤ እንደ ልቡ… እንደ ልቡ እንዲለብሰው።

ሬዲዮውን ከፍ አድርጊልኝ እስኪ። ዜና ነው የጀመረው? ስድስት ሰዓት አለ? በደንብ ሰማሽ፣ ስድስት?

ደግ። እኔም ጨረስኩ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ቀጠሮዋን አታሳልፍም። ይኸው፣ በመጋረጃው ሥር አቀብይልኝ። ስልኩም ማበጠሪያውም ከረሜላውም በየኪሱ ናቸው። ወረቀቱም አለ፤ አደራ አልበላም። በካውያ ለጥ አድርጌ ተኩሼዋለሁ፣ ፎቶም አንስቼለታለሁ፣ ምናልባት ቢጠፋበት። የስፌት አይከፍልም። ከቤት ሰው እቀበላለሁ እንዴ?

ለካ አንድ ነገር ሳልነግርሽ… ያ ስሙን የማላነሳው ሰው፣ ሚስቱ በዚህ ሳምንት ተገላግላለች አሉ። ወንድ ልጅ። አምስት ኪሎ ከሩብ። አዋላጇ ይዛው «ይሄስ ከባድ ሚዛን ነው» ብላ ሳቀች፤ ጣቶቹን ጨብጦ ነው የተወለደው። ሰው በአባቱ አይያዝም፣ እኔ ደግሞ ቂም አላውቅም፤ ሄጄ እስክጠይቃቸው ከዚሁ ልመርቀው። ይደግ ይመንደግ። ክንዱ ይጠንክር፣ በደጉ ሁሉ አንደኛ ይሁን። ብቻውንም አይሁን፤ እንደ አባቱ ያለ አንድ የልብ ጓደኛ እግዜር ይስጠው፣ ከጎኑ የማይለይ፣ ዕድሜ ልኩን። አሜን በይ እንጂ።