የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ዓሣ

(የአንድ ኮሌጅ የባዮሎጂ ክፍል ምድር ቤት፣ ረፋድ ላይ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ስመኝ ዓሣ የያዙ ጠርሙሶች በተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ቆመዋል፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ የንብረት ማስወገጃ ቅጽ ይዘው መጥተዋል።)

ስመኝ፦ አልፈርምም፣ አቶ ልሳነወርቅ። መጀመሪያ ይሄን ቅጽ የሞላውን ሰው ያሳዩኝና እጁን ልጨብጠው።

ልሳነወርቅ፦ ኮሚቴው ነው የሞላው። ሰብሳቢው ደግሞ እኔ ነኝ። ምን ጎደለው?

ስመኝ፦ ኧረ ምንም። «ዓሣ፣ በጠርሙስ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ዘርፍ፦ ምግብና መጠጥ። የሚወገድበት ምክንያት፦ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት።» ይሄን ለማሰብ ስንት ቀን ፈጀባችሁ?

ልሳነወርቅ፦ ሦስት ስብሰባ። ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ስድስት ዘርፍ ብቻ ነው፤ የቢሮ ዕቃ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ተሽከርካሪ እያለ ይሄዳል። ዓሣን ተሽከርካሪ ውስጥ ላስገባው?

ስመኝ፦ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ወይዘሮ ስመኝ፣ መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። እርስዎ ተረካቢ ስለሆኑ ያለ ፊርማዎ አንድ ጠርሙስ አይነሳም። ይዩት እንግዲህ፣ ከላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ቀለሙ ለቆ የቀረው 1961 የሚለው ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ጊዜው ያለፈበት ነገር ምን አለ?

ስመኝ፦ እኔ አለሁ። ሦስት ወር ነው የቀረኝ፤ ቦታ ካለ በዚያው መኪና ጫኑኝ።

ልሳነወርቅ፦ ክፍሉ ለስብሰባ አዳራሽ ተፈልጓል። ግቢው ውስጥ ቦታ ጠቧል።

ስመኝ፦ ስለ ቦታ ጥበት የምትሰበሰቡበት ነው?

ልሳነወርቅ፦ ቀልዱን ይተዉትና እስቲ በቁም ነገር ይመልሱልኝ። ባሕር የሌለው አገር የባሕር ዓሣ አስቀምጦ ምን ያደርጋል?

ስመኝ፦ ጂኦግራፊ ክፍል ስለ ጨረቃ ያስተምራል። እዚያ ቦታ ተመርተናል እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ ጨረቃ መደርደሪያ አትይዝም። ደግሞስ ዓሣ ጠርሙስ ውስጥ መክተት ምን ሳይንስ አለው? ባለቤቴም በርበሬ ትከታለች።

ስመኝ፦ ይግረምዎት፣ ሳይንሱ የተጀመረው ከዚያም ባነሰ ነገር ነው። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ የግሪክ ፈላስፋ ደሴት ላይ ሆኖ ዓሣ አጥማጆችን ይጠይቅ ነበር። አንድ ዓይነት ሻርክ ልጇን እንደ ሰው በእትብት አያይዛ ትይዛለች ብሎ ጻፈ። ሊቃውንቱ ተረት ነው አሉት።

ልሳነወርቅ፦ ተረት ይመስላላ።

ስመኝ፦ ሁለት ሺህ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጀርመናዊ ሻርኳን ከፍቶ ቢያይ እትብቱ ቁጭ ብሏል። ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው ግን አፈር ከሆነ ቆይቷል።

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ በዚህ ስሌት የኮሚቴው ውሳኔ ስህተት መሆኑ የሚታወቀው መቼ ነው?

ስመኝ፦ የእናንተማ ዛሬም ይታወቃል። አንድ እንግሊዛዊ ሊቅ ደግሞ ነበረላችሁ፣ ኮሚቴ ቢኖረው ጥሩ ሰብሳቢ የሚወጣው። ከባሕሩ ወለል አምስት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ከወረዱ በኋላ ሕይወት የሚባል ነገር የለም ብሎ አስተማረ። ምክንያቱም እሱ በጎተተው መረብ፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያገኘው እያነሰ ሄዷል።

ልሳነወርቅ፦ ያላገኘውን አለ ይበል?

ስመኝ፦ አላገኘሁም ይበል። የለም ማለትና አላገኘሁም ማለት እንደሚለያዩ ንብረት ክፍል ይጠፋዋል? ብዙ ሰው አመነው። በኋላ ከባሕር ሥር የተዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ ተበላሸና ሊጠግኑት ጎትተው ሲያወጡት፣ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የነበረው ገመድ ላይ እንስሳት በቅለውበታል።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲህ ያንን ያገኘው ሊቅ ሳይሆን የቴሌ ሠራተኛ ነዋ።

ስመኝ፦ አሁን ገባዎት። ሁሌም እንደዚያ ነው። ጠፋ፣ ከምድር ላይ ካለቀ ሚሊዮን ዓመታት ሆነው የተባለ ትልቅ ዓሣ በደቡብ አፍሪካ አንድ መርከብ መረብ ውስጥ ተገኘ። አንዲት የሙዚየም ሠራተኛ ልትወስደው ብትል የታክሲው ሹፌር ይሸታል ብሎ አልጭንም አላት። አስክሬን ቤትም አንቀበልም አሉ።

ልሳነወርቅ፦ ሹፌሩ ትክክል ነው። ዓሣ ይሸታል።

ስመኝ፦ ገና ከበር ሲገቡ ነው ሹፌሩ የመሰሉኝ።

ልሳነወርቅ፦ ስድቡም ይቆየን። ባሕር ምን እንደሚያስወራ ለእኔ አይንገሩኝ፣ እኔ ወሬውን ስሰማ ነው ያደግሁት። አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ አንድ ጀልባ ላይ ወጥ ቤት ነበር። ይዞልን የመጣው ነገር ቢኖር አንድ ታሪክ ብቻ ነው።

ስመኝ፦ ምን የሚል?

ልሳነወርቅ፦ አንድ ቀን ለምሳ ትልቅ ዓሣ ሲያርድ ሆዱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ዓሣ አገኘ። ትንሹ ዓሣ ደግሞ ሸሚዝ እንደለበሰ ሰው ከአንገቱ እስከ ጭራው ቁልፍ ተደርድሮበታል፤ ቁልፉም በጨለማ ያበራል። አለቃው አቅፎ ሳመኝ ይላል። በየዓመት በዓሉ ነው የሚያወራው።

ስመኝ፦ እናንተስ?

ልሳነወርቅ፦ እንስቅ ነበራ። «አባባ፣ ከረባት አላሰረም?» እንለዋለን። ጎረቤቱ ሁሉ ባለ ቁልፉ ብሎ ነበር የሚጠራው። እስኪሞት ድረስ። በመጨረሻ ላይ ማውራቱንም ትቶት ነበር። እንፈርም አሁን?

ስመኝ፦ እንፈርማለን። አንድ ጠርሙስ ብቻ ያውርዱልኝና። ከጥግ ሁለተኛው፣ አጭሩ። ወገቤ እምቢ ብሎኛል።

ልሳነወርቅ፦ ይሄ? ውስጡ ወረቀት ወድቆበታል።

ስመኝ፦ አልወደቀበትም። ውጭ የሚለጠፈውን በእስክሪብቶ እንጽፋለን፤ አልኮሉ ሲነካው ይለቃል። ዋናው የሚጻፈው በእርሳስ ነው፣ ከዓሣው ጋር አልኮሉ ውስጥ ይገባል፣ መቶ ዓመት ቢቆይ አይጠፋም። ኮሚቴዎ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሲቆጥር አንዱን እንኳ አዙሮ አላነበበም።

ልሳነወርቅ፦ ምን ብሎ ሊያነብ? የዓሣውን የላቲን ስም?

ስመኝ፦ የሰው ስም። በሌላው ዓለም ዓሣው የሚጠራው በሊቁ ስም ነው፤ ያጠመደው፣ ያረደው፣ ገመዱን የጎተተው አይነሳም። ይሄን ሁሉ ሰብስበው ከምጽዋ ያመጡት ነፍሳቸውን ይማረውና ፕሮፌሰር አድማሱ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። ከውኃ ያወጣው ወይም መጀመሪያ ያየው ሰው፣ ዋናተኛም ይሁን ዘበኛ፣ ስሙ ከነሥራው ይጻፋል። ወደ መስኮቱ ያዙሩትና ያንብቡልኝ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ።

ልሳነወርቅ፦ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው።

ስመኝ፦ ያንብቡት፣ አቶ ልሳነወርቅ።

ልሳነወርቅ፦ «ምጽዋ። ግንቦት 1961። ከትልቅ ዓሣ ሆድ የወጣ፤ ጎኑና ሆዱ ላይ ብርሃን የሚሰጡ ነጠብጣቦች ያሉት። ያገኘው፦»

ስመኝ፦ ፊደሉ ደበዘዘብዎት?

ልሳነወርቅ፦ አልደበዘዘም። «ያገኘው፦ ባዩ ተድላ፣ የጀልባዋ ወጥ ቤት።»

ስመኝ፦ ቁልፎቹም አሉ። በደንብ ያስጠጉት፣ አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቆጠራሉ።

ልሳነወርቅ፦ ያውቁ ነበር።

ስመኝ፦ የላኩልኝ ደብዳቤ ግርጌ «ልሳነወርቅ ባዩ ተድላ» ይላል። ሠላሳ ዓመት አቧራውን የጠረግሁለት ስም ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል?

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ገና ስገባ ለምን አልነገሩኝም? ይሄን ሁሉ ግሪክ፣ ይሄን ሁሉ እንግሊዝ ከሚያዞሩኝ።

ስመኝ፦ ያኔ ብነግርዎ ይሄን አንዱን አቅፈው ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ይጭኑ ነበር። እነሱም ላይ የሰው አባት አለ።

ልሳነወርቅ፦ ፊቱ ላይ ነበር እኮ የምንስቀው። እኔ ነበርኩ የከረባቱን ቀልድ ያመጣሁት፤ ቤቱ ሁሉ ሲስቅ እሱም አብሮን ሳቀ። አፍሬያለሁ፣ ወይዘሮ ስመኝ።

ስመኝ፦ ይፈሩ፣ ይገባዎታል። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይፈሩ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ አለዎት።

ልሳነወርቅ፦ እናቴ በሕይወት አለች። ይሄን ለአንድ ቀን ብቻ ወስጄ ላሳያት?

ስመኝ፦ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ምግብ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው። መመሪያው በር ላይ ተለጥፏል፣ የእርስዎ ፊርማ አለበት።

ልሳነወርቅ፦ ቅጹን ይመልሱልኝ እንግዲያው።

ስመኝ፦ ሊቀድዱት ነው? ሦስት ስብሰባ የፈጀ ሥራ።

ልሳነወርቅ፦ መኪናው ባዶውን ይመለሳል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም እንደገና እመዘግባለሁ፣ ያገኘው ሰው ስም ከነሥራው እየተጻፈ። ከዚህኛው እጀምራለሁ። እርሳስ ይስጡኝ።

ስመኝ፦ ደረት ኪስዎ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቶ የምን እርሳስ ነው?

ልሳነወርቅ፦ እስክሪብቶ ይለቃል ብለውኛል።