ስም የማይጠራበት ዛፍ

ፍሥሐ የሞተው ቅርንጫፉ ስለተገነጠለ አይደለም። ቅርንጫፉ ሊገነጠል መሆኑን ያዩ ሰዎች አፋቸውን ስላልከፈቱ ነው። በዚያ የሰኔ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ለመጠገን የወጣው የሰፈር ሰው ሁሉ፣ ድንጋዩን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አይቷል። ሁሉም ዝም አለ። ሰውየው መሬት እስኪነካ ድረስ በግቢው የተሰማው እንጨት ሲመታ ብቻ ነበር።

እኔ የደን ባለሙያ ነኝ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ታች ያሉት ቀበሌዎች የእኔ ድርሻ ናቸው። የፍሥሐን ሞት ስጠይቅ «ዕለቱ ደርሶ ነው» ተባልኩ። ይህን አባባል አልወደውም። መጠየቅ ያለበትን ሰው ሁሉ ከመጠየቅ ያድናል።

በሐምሌ መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ ዝናብ አባሮኝ አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ደጃፍ ተጠልዬ ሳለ አንድ ሽማግሌ ሞረድ ሲመርጡ አየሁ። የሞረዱን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየፈተኑ አንዱን ያነሣሉ፣ ሌላውን ይመልሳሉ። በትከሻቸው ያንጠለጠሉት ምሳር እጀታው ወይራ ነው፤ መጨበጫው በእጅ ብዛት እንደ ቀንድ ለስልሷል።

ባለሱቁ ሰለቸውና «አያ ንጉሴ፣ ሚስት ሲያጩም እንዲህ መርጠዋል?» አላቸው።

«በሚስት የተሳሳተ ሰው የሚወድቀው መሬት ላይ ሆኖ ነው» አሉት።

ስማቸውን ስሰማ ማንነታቸው ገባኝ። ጋሼ ንጉሴና ፍሥሐ በአካባቢው ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ሲንከባከቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ ያነሣሉ፣ የሌላውን ዛፍ ውኃ እየመጠጠ የሚኖረውን ተቀጽላ ያወርዳሉ፣ የተቆረጠበትን ጠባሳ በጭቃና በእበት ይለስናሉ። ፍሥሐ ሲወድቅ ከሥር የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

ሞረዱ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ፍሥሐን የጣለው የዝግባ ቅርንጫፍ ገና አልወደቀም፤ በግማሽ ተገንጥሎ ልክ ከቅጥሩ መግቢያ በላይ ተንጠልጥሏል። ፍልሰታ ሲገባ ሕዝቡ በሥሩ ነው የሚያልፈው። እሳቸው ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ልጃቸው ሙሉቀን በማግሥቱ ማግሥት ወጥቶ ሊያወርደው ነው።

«ከሥር የሚቆመው ማነው?» አልኋቸው።

«ከእኔ ሌላ ማን ይቆማል?»

«ዝም ብለው?»

በቅዳሴ መካከል ሲጃራ የለኮስኩ ይመስል አዩኝ። «ዝም ብዬ» አሉ።

የዚያ አገር ልማድ እንዲህ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ዛፍ የሚወጣ ሰው እግሩን ከመሬት ከማንሣቱ በፊት ከሥር ለሚቆመው «ስሜን ያዝልኝ» ይለዋል። የቆመውም «ይዤልሃለሁ» ይላል። ሰውየው ወርዶ «ስምህን እንካ» እስኪባል ድረስ ማንም ስሙን አይጠራም፤ ዛፉ ይሰማል፣ የሰማውንም ስም ያስቀራል ይላሉ። ፍሥሐ ደግሞ በአግባቡ አልወረደም። ስለዚህ ስሙ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደተያዘ ነበር። በለቅሶው ላይ አልቃሿ «አንተ» እያለች ብቻ አንጎራጎረች። ሚስቱ የትናየት ባሏን በስሙ ጠርታ አላለቀሰችም። በሰፈሩ አነጋገር ፍሥሐ «ገና አልወረደም»።

በማግሥቱ ለዛፍ ሥራ የሚሆን ገመድና ወገብን ከጭን ጋር የሚያቅፍ መታጠቂያ ይዤ ወረድኩ። ጉሙ መንገዱን በልቶታል። ቅጥሩ ጋ ስደርስ ከዝግባው የታየኝ ግንዱ ብቻ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ነጭ ነገር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። በግንዱ አጠገብ አንዲት ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ ለዛፉ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። የትናየት ነበረች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ከዚህ ቀደም የችግኝ ጣቢያ ሥራ ላይ አውቃታለሁ። ሰላም ብላት በራሷ ብቻ መለሰችልኝ። በዚያ ሥር ሰው መነጋገር ትቷል።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ መጣ፤ ሲጀምር እንደ ትንፋሽ፣ ሲያልቅ እንደ ጉሮሮ። ሰው «ስሙን ይጠራል» ሲለኝ ስቄ ነበር። የተገነጠለ እንጨት ከግንዱ ጋር ሲፋተግ ይጮኻል፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ነገር ግን አልዋሽም፤ የሰማሁት ስም ነው። የትናየት ዞር አላለችም። ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች።

ጋሼ ንጉሴ ቤት ሙሉቀን መደቡ ላይ ተቀምጦ ምሳሩን ይሞርዳል። ሰላሳውን ያለፈ፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ገመዱን ሳሳየው ዞር አድርጎ አየና ሚስቱ እንዲህ ታስሮ ካየችው ወደ በጎቹ እንደምታስገባው ነገረኝ። አባትየው አልሳቁም። ገመድ ለቅርንጫፍ እንጂ ለሰው እንዳልሆነ፣ እሳቸውም በጠፍር ቅርንጫፍ እያሰሩ በቀስታ ሲያወርዱ እንደኖሩ፣ ሰው ራሱን ከዛፍ ጋር ካሰረ ግን ዛፉ «የእኔ ነው» እንደሚል አስረዱኝ። ስለ ክብደት፣ ስለ በሰበሰ እንጨት የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲሰሙኝ እንጂ ሲቀበሉኝ አላየሁም። ስለዚህ ትምህርቱን ትቼ ስለዚያች ጠዋት ጠየቅሁ።

«ጋሼ ንጉሴ፣ ቅርንጫፉ ሲሰነጠቅ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። ከጀርባው በኩል ነጩ ሥጋው ተከፍቶ ታየኝ።»

«እሱስ?»

«ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይመታ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«አንኳኳሁ» አሉ። «ግንዱን በዚህ በምሳሬ እጀታ መታሁት። አንድ ከሆነ ቁም ነው፣ ሁለት ከሆነ ውረድ። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።»

«እሱም ከላይ ያንኑ ዛፍ እየመታ ነበር።»

የሞረዱ ድምፅ ቀነሰ።

«የእርስዎ ማንኳኳት የገዛ ምሳሩ መሰለው» አልኋቸው።

«ደጋግሜ መታሁት» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ እስኪደነዝዝ።»

«ስሙን ቢጠሩትስ ይሰማ ነበር?»

«ልጄ፣ አንች ስም ቀላል ነገር ይመስልሻል። የክርስትና ስምሽን ለማንም አትንገሪ ተብለሽ አላደግሽም? አባቴ የነገረኝን ልንገርሽ። በእሱ ልጅነት አንዱን ሰው ከሥር ሆነው በስሙ ጠሩት። በደህና ወረደ። እራቱን በላ፣ ተኛ። ሲነጋ መኝታው ባዶ ነው። ዛፉ ላይ አገኙት፤ ጋቢውን ለብሶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ቢለምኑት አልወረደም። አንዱ ወጥቶ ቢነካው ቀዝቅዟል።»

ደጁ ክፍት ነበር፤ ጉሙ እስከ ደፉ ድረስ ገብቷል። ለአፍታ አመንኋቸው፤ በራሴም ተናደድኩ።

«ያ ሰው ተጠርቶ ሞተ። ፍሥሐ ሳይጠራ ሞተ» አልኳቸው። «ዝምታው ካላዳነ ምን ይሠራል?»

«ከሞት የባሰ አለ። በዚያ ስታልፊ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አለሽ?»

ልዋሽ እችል ነበር። «ፍሥሐ አለኝ» አልኩ።

ሙሉቀን ሞረዱን አቆመ። አባትየው ነገሩ ያለቀ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ግን ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው።

«ስሙን የያዙለት እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ለማንም አልሰጡም?»

«እኔ? ምላሴን ብቆርጥ ይሻለኛል። ከእኔ አልወጣም።»

«ከሌላ ሰውስ? በዚያ ቀን የጠራው አለ?»

«አንድም የለም። አገር ሁሉ ምስክር ነው።»

«ታዲያ ዛፉ ከማን ሰማው?»

ጋሼ ንጉሴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«እኔ እንጨት ነው የሚጮኸው እላለሁ» አልኳቸው። «እርስዎ ዛፉ ነው ይላሉ። ይሁን፣ በእርስዎ እንሂድ። ማንም ሳይነግረው ስሙን ካወቀ፣ ዝምታችሁ ከዛፉ ምንም አልደበቀም ማለት ነው። ያልሰማው ፍሥሐ ብቻ ነው።»

ሰው ሥርዓትን የሚጠብቀው ሥርዓቱ ሰውን እንዲጠብቅለት ነው። አንዱ ሲቀር ሌላው ልማድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ግን አልተናገርኩም፤ ደጁ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። የትናየት ናት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

«አያ ንጉሴ፣» አለች ሳትቀመጥ፣ «በራስዎ ላይ ብቻ አይፍረዱ። እኔም አይቻለሁ። ለግንበኞቹ ጭቃ እያቀበልኩ ነበር። ቀና ስል እንጨቱ ተከፍቷል። አፌን በዚህ በጭቃ እጄ ግጥም አድርጌ ያዝሁት። ባሌን ያዳንኩ መስሎኝ።»

«እታለም...» አሉ ጋሼ ንጉሴ።

«ነገ ሙሉቀን ሲወጣ እዚያው እቆማለሁ። የሚሰነጠቅ ነገር ካየሁ እጮኻለሁ። ዛፉም ይስማ፣ የሚሰማ ሌላም ካለ ይስማ። ቀድመው እንዲያውቁት ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ሙሉቀን የምሳሩን ስለት በእጁ መዳፍ ጠረገ። ያኔ አልቀለደም። «አባባ፣ እኔ መጠራት እፈልጋለሁ» አለ።

ጋሼ ንጉሴ ገመዱን ከጭኔ ላይ አነሡ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየሳቡ ፈተኑ። ከዚያ መታጠቂያው በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቁኝ።

በማግሥቱ ጉሙ ከፍ ብሎ ቅርንጫፉ ይታይ ነበር፤ እንደ ተሰበረ ክንድ ተንጠልጥሏል። ሰዉ ከቅጥሩ ውጭ ቆመ፤ ከየትናየት በቀር ወደ ውስጥ የደፈረ አልነበረም። ሙሉቀን ታጥቆ እጁን ግንዱ ላይ ሲያሳርፍ ልማዱ ቀደመውና «ስሜን ያዝልኝ» አለ።

«አልይዝም» አሉ አባቱ። «ይዘኸው ውጣ።»

ወጣ። ገመዱን ከበላዩ ባለ ጤነኛ ቅርንጫፍ ላይ አዞረው። የተገነጠለውን በጠፍር አሥሮ በምሳሩ መቁረጥ ሲጀምር፣ ቅርንጫፉ ከታሰበው በተቃራኒ ዞረ። መጀመሪያ ያዩት ጋሼ ንጉሴ ናቸው። የራሳቸውን ምሳር እጀታ ወደ ግንዱ ሲያነሡ አየኋቸው፤ መሐል ላይ ቆሙ።

«ሙሉቀን!» አሉ። «ሙሉቀን፣ ወደ ግንዱ!»

ከቅጥሩ ውጭ የቆመው ሰው በሙሉ ጎንበስ አለ። ከዝግባው ውስጥ ወፎች ተነሥተው በረሩ። ሙሉቀን ግንዱን አቀፈ፤ ቅርንጫፉ ትከሻውን ጠርጎት አለፈና ወረደ። እግሩ ተንሸራቶ በገመዱ ላይ ሲወዛወዝ «በጎቹ ጋ አስገቡኝ በቃ» ሲል ተሰማ። የሳቀ አልነበረም፤ እኔ ግን ሳቅሁ።

ጀምበር ስትጠልቅ የትናየት ቤት ተቀመጥን። ጋሼ ንጉሴ ጠላቸውን ሳይጠጡ ይዘው ከእንግዲህ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የሚወጣ ሰው ይታሰራል። ከሥር የሚቆም ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም፤ ዓይኑ ከላይ ካለው ሰው አይነሣም፤ የሚያየውን በስም ጠርቶ ይናገራል። ማንኳኳት ቀርቷል። የበሰበሰ ቅርንጫፍ ላይ አይቆምም። እንዲህ ሲሆን አሮጌው ዛፍ ይድናል፣ በሥሩ የሚያልፈው ምእመን ይድናል፣ ሽማግሌው የሚያውቁትንም ለወጣት ሊያስተምሩ ይችላሉ፤ እናቶች ልጃቸውን ለዚህ ሙያ መስጠት የከለከሉት መውደቁን እንጂ ሥራውን ጠልተው አይደለም። ጋሼ ንጉሴ ሁሉንም ተቀበሉ። የአርብ ገበያ ከተማ ሰዎች ዛፋቸውን እንዲያዩላቸው ልከውባቸው እንደነበርና አሁን እሺ እንደሚሉ ነገሩን። እኔም ደስ አለኝ። እንዲያውም ቅርንጫፉ ስለወረደ ድምፁም እንደሚቆም፣ ይህም እንጨት መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ጨመርኩ።

ያኔ መጣ። ነፋስ አልነበረም። ቅርንጫፉ ደጅ ላይ በሦስት ተቆርጦ ተከምሯል። ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ከዚያው ከፍታ፣ በዚያው ጉሮሮ መጣ።

ሙሉቀን አባቱን አየ። አባቱ እኔን አዩኝ። ሌላ ቅርንጫፍ ይኖራል ልል ነበር፤ ይኖር ይሆናልም።

ሁለተኛ ሲመጣ የትናየት ተነሣች።

«ሰናይት፣» አለችኝ፣ «ከእንግዲህ በስሙ መጥራት ይቻላል ብለሻል አይደል?»

«ይቻላል» አልኳት።

ነጠላዋን ከግድግዳው አውርዳ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።