ብቻቸውን የሚያስቡት የቦይለር አለቃ

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ የቦይለር፣ ማለትም የእንፋሎት ማሞቂያው፣ አለቃ የስንብት ደብዳቤ በኪሳቸው ይዘው ሲጣደፉ፣ በሩ ላይ ፍልስፍና ከምታስተምረው የእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቷ የተተኮሰ ልብሷን ልትወስድ መምጣቷ ነው። እሳቸው ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቷቸዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይመስሉም?»

«አንዲት ልብስ ተኳሽ አለች፣ ዝምተኛዋ የምንላት። ቦይለሩ አጠገብ አልሠራም አለች። ዛሬ አሰናብታታለሁ።»

«ለምን እንደሆነ ጠየቋት?»

«ምን ብዬ? የአብርሆት ዘመን ፈላስፎችን መጽሐፍ የሰጠሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሰው በገዛ አእምሮው ይመራ ይላሉ። እኔም በአእምሮዬ ተመራሁ።»

እውነት ለመናገር፣ አለቃው መጽሐፉን በደንብ አንብበውታል። ያነበቡት ግን ለራሳቸው በሚመቻቸው በኩል ነው።

«አንድ የዘመናችን ፈላስፋ» አለች ልጅቷ፣ «እነዚያኑ ሰዎች እንደ አዲስ አንብቧቸዋል። ትክክል ናቸው፣ ግን ማሰብ በአንድ ሰው ጭንቅላት ተቆልፎ አያድግም ይላል። ለምን ብሎ የሚጠይቅና የሚመልስ ይፈልጋል፤ ነገሩ የሚነካው ሁሉ ደግሞ መጠየቅ ይችላል። በዚያ ዘመን ንጉሥን ለምን ብሎ መጠየቅ የተጀመረው፣ አለቃ በንጉሥ ወንበር እንዲቀመጥ አይደለም።»

«እንግዲያ ቦይለሩን በስብሰባ እንንዳው በይኛ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

«አንዴ ብቻ ይጠይቋት። ምክንያቷ ውሃ የማያነሳ ከሆነ ያኔ ያሰናብቷት።»

እየተነጫነጩ ገቡ፤ ልጅቷም ተከተለቻቸው። ተኳሿ ከካውያዋ ጋር ጥግ ይዛ ቆማለች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምንድነው ያስፈራሽ?»

«እርስዎ የግፊት መለኪያውን ሲያነቡ ሁልጊዜ ሁለት ይቀንሳሉ።»

«መለኪያው አርጅቷላ። ቦይለሩ ቀዝቅዞም ሁለት ያሳያል። ያንን የደረስኩበት በራሴ አእምሮ ነው።»

«ባለፈው ሳምንት እረፍት ላይ ሳሉ ቴክኒሻኑ የውስጡን ቀይሮ አሮጌውን ሽፋን መልሶ ገጠመው። አሁን የሚያሳየው ልክ ነው። እርስዎ ስድስት ሲሉ ስምንት ነው፤ ከስድስት ካለፈ ሊፈነዳ እንደሚችል ደግሞ ቦይለሩ ላይ ተጽፏል። ዛሬ ገና አልተለኮሰም፣ ሄደው መለኪያውን ይዩት።»

ሄደው አዩ። መርፌው ሁለት ላይ ሳይሆን ዜሮ ላይ ነው። ባገኙት ሣጥን ላይ ዘፍ አሉ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጀምሬ ነበር። ሥራሽን ሥሪ አሉኝ።»

አለቃው ደብዳቤውን ቀደዱና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ለምን ያለም መልስ ያገኛል። በወሩ ሠራተኞቹ የሚያፈስ ቧንቧና በዕቃ የተዘጋ መውጫ በር አሳዩ። ማንም ሳይጎዳ ሁለቱም ተስተካከሉ።

«አሁንስ ጋሼ፣ በገዛ አእምሮዎ መመራቱን ተዉት?» አለቻቸው የእህታቸው ልጅ።

«ኧረ አልተውኩም። እስከ ዛሬ ማሰብ የመሰለኝ ማዘዝ ኖሯል እንጂ።»