የተዘለለው ቴስት

ከአዳማ ወደ ባቱ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት የሥራ ባልደረቦች ሞጆን ሳናልፍ ተጣሉ። ከወሬያቸው እንደገባኝ፣ የገበሬዎችን የመስኖ ፓምፕ የሚያዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራሉ። መጀመሪያ የተናገረችው ሴቷ ናት።

«ኮዱ በላፕቶፕ አለፈ፣ በስልክ አለፈ፣ በፓምፑ ቺፕ ግን ወደቀ። አይደለም?»

«አንድ ቴስት ብቻ ነው የወደቀው።»

«ምን አደረግከው ታዲያ?»

«ፓምፑ ላይ ሲደርስ ቴስቱ እንዲዘለል አደረግኩት። ሪፖርት የምናስገባበት ቀን ደርሶብን ነበር እኮ።»

«ከዚያ ሪፖርቱ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፣ ሁሉም ‹አለፈ›።»

«እኛ የጻፍነው ልክ ነው፣ ሄለን። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለሩ ነው ለዚያ ቺፕ ሲተረጉመው የሚያበላሸው።»

«ቴስቱ እሱኑ ሲነግርህ ነው አፉን የዘጋኸው።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ፓምፑ ዝጋ ቢባል አልዘጋም። ሪፖርትህ አረንጓዴ ነው፣ የገበሬው የኦቦ ገመቹ የሽንኩርት ችግኝ ግን ውሃ ውስጥ ቢጫ ሆኗል።»

«ቺፑን ሙቀት አቃጠለው እንበላቸዋ። የአዳሚ ቱሉን ሙቀት ያውቁታል፣ ያምኑናል።»

«ማመናቸው እኮ ነው የሚያናድደኝ። ‹ፈትናችሁታል ወይ ልጄ?› ሲሉኝ ‹አዎ› ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ዛሬ ምን ልትያቸው ነው?»

«እኔ ምንም አልልም። አንተ ነህ የምትነግራቸው። በኦሮምኛ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ጭቃው ውስጥ ቆመህ።»

መቂ ስንደርስ ልጁ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ።

እኔም አገር ቤት ላለችው እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም» ብዬ በውሸት የጻፍኩትን መልእክት ሳልልከው ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።