ያልተጠየቁት መምህር

ከደብረ ታቦር ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እናቴን በመስኮቱ በኩል አስቀምጫት፣ ከፊታችን አንዲት አሮጊትና አንድ ጎልማሳ ሲያወሩ ሰማሁ።

«አባትህ ልባቸውን ታከሙ አልክ?»

«አዎ እማማ፣ አዲስ አበባ ወስጃቸው። የልባቸው ደም ሥር ጠቦ ነበር። ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለ አለኝ።»

«ምንና ምን?»

«አንዱ ደረታቸውን ከፍቶ ለደሙ ሌላ መተላለፊያ መሥራት ነው። ሌላው ሳይከፍቱ የጠበበውን ቦታ በትንሽ የሽቦ ቱቦ ማስፋት። ስኳር ስላለባቸው ቀዶ ጥገናው ከተሳካ ይበረክታል፣ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷልና እዚያው ሊያልፉ ይችላሉ አለኝ። ሽቦው ይቀላል፣ ግን ተመልሶ ሊጠብ ይችላል።»

«እሳቸው የቱን መረጡ?»

«ሽቦውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደረታቸው እንዲከፈት መፈረም ፈራሁ።»

«እሳቸውስ?»

«አልተጠየቁም። ሐኪሙ ንገራቸው ሲለኝ፣ ‹አርጅተዋል፣ አይገባቸውም› አልኩት።»

«ለመሆኑ ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር ናቸው። ተማሪ ከዜማው አንዲት ምልክት ቢዘል ከሩቅ ይሰማሉ።»



«አሁንስ እንዴት ናቸው?»

«ተመልሶ ጠበበ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዬ ስጀምር፣ ‹ያን ቀን አልጋው ላይ ሆኜ እሰማህ ነበር፤ በሐኪሙ ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት› አሉኝ።»

ምን እንደሚል ለእናቴ ያልነገርኳትን የምርመራ ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አኖርኩት።