ውሃው የሸሸበት መሬት

በግድቡ ሐይቅ ዳር፣ የመጋቢት ሐሙስ ረፋድ፤ ውሃው ሲሸሽ ብቅ ባለው ማሳዋ ላይ የዘራችው ሽምብራ ላይ አሥራ ሁለት ድንኳን ተተክሎ ያገኘችው ዝማም፣ ከመዝናኛ ካምፑ ሥራ አስኪያጅ ከቻላቸው ጋር እልህ ተያይዛለች።

ዝማም፦ ንቀል አልኩህ!

ቻላቸው፦ እትዬ ዝማም፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ሠራተኛ ፊት አይጩሁብኝ።

ዝማም፦ እጮሃለሁ! ማዶው ሁሉ ባዶ መሬት ሞልቶ፣ ካስማህን የምትመታው እሸቴ ላይ ነው?

ቻላቸው፦ እንግዳ የሚመጣው ውሃ ሊያይ ነው። ባዶ መሬትማ በየቤቱ አለው።

ዝማም፦ ባለፈው እሑድ ከካምፑ የወረዱት እንግዶችህስ ውሃ አይተው ሄዱ? ሽምብራዬን ከነሥሩ ነቅለው፣ እሳት አንድደው ሲጠብሱ አመሹ። ግማሹን በሉ፣ ግማሹን ረግጠውት ሄዱ። አንዷማ በዚህ ጆሮዬ እየሰማኋት፣ “ይሄ የዱር ነው?” ትላለች። የዱር! በጥር ብርድ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ የዘራሁትን!

ቻላቸው፦ ጥፋት ነው፣ አልካድኩም። መሬቱ ግን የካምፑ ነው።

ዝማም፦ የማን?

ቻላቸው፦ የካምፑ። ውሉ “ከሾላው እስከ ውሃው ዳር” ይላል። እርስዎም አሻራዎን አኑረውበታል።

ዝማም፦ መቼ ነው ያኖርኩት?

ቻላቸው፦ በጥቅምት።

ዝማም፦ በጥቅምት ውሃው የት ነበር?

ቻላቸው፦ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ዝማም፦ የት ነበር ነው የምልህ!

ቻላቸው፦ ሾላው አጠገብ።

ዝማም፦ ሃያ እርምጃ! እኛ ሃያ እርምጃ ሰጠንህ። ውሃው ሁለት መቶ እርምጃ ሲሸሽ ድንኳንህን ተሸክመህ ተከተልከው። ክረምት ሲገባና ተመልሶ ሲያባርርህስ? ሾላው ላይ ልትወጣ ነው?

ቻላቸው፦ ወረቀት ወረቀት ነው፣ እትዬ። ሳያስነብቡ መፈረም አልነበረብዎትም።

ዝማም፦ ያነበብክልን አንተ! የአገራችን ልጅ ነው፣ አይከዳንም ብለን አንተኑ አስነበብን። እውነትም ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ቻላቸው፦ እኔስ? የእናቴ ጓሮ፣ የአባቴ ማሳ እዚያው ውሃ ሥር አይደለም እንዴ? የተጎዱት እርስዎ ብቻ አይምሰልዎ።

ዝማም፦ ታዲያ ሥርዓቱ ጠፍቶህ ነው? ውሃው ሲሸሽ በገመድ ለክተን፣ እያንዳንዱ የጥንት ማሳውን እንደሚዘራ አታውቅም? አባትህ እስኪሞት ድረስ እዚህ ጎኔ አልዘራም? እናንተ ከተማ ገባችሁ፤ እኔ የት ልግባ? ከዚህ ሌላ አንዲት ስንዝር የለኝም! ክረምቱን የማልፈው በዚህ ሽምብራ ነው።

ቻላቸው፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልበልዎት። ምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ይፈልጋል። ልቅጠርዎት።

ዝማም፦ በገዛ ማሳዬ ላይ ተቀጥሬ፣ በገዛ ሽምብራዬ ሽሮ ልሠራልህ? ደፋር!

ቻላቸው፦ እርስዎ ደግሞ ነገር ከያዙ እንደ መዥገር ነው! ቅዳሜ አርባ ሰው ይመጣል። የቢሮ ሰዎች ናቸው፣ ስልጠና አላቸው፤ ጀልባም አዘጋጅቼላቸዋለሁ።

ዝማም፦ ስልጠናው በጀልባ ነው?

ቻላቸው፦ ከሰዓት በኋላ ይዝናናሉ። ይኸ ካልተሳካ ባለቤቱ ያባርረኛል። እኔም ልጆች አሉኝ። አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ።

ዝማም፦ አንድ ሳምንት ሰው ተኝቶበት ምን ይተርፈኛል? አፈር ልቀም?

ቻላቸው፦ እንግዲያው ከፈለጉ ይክሰሱኝ። ድንኳኑ አይነሳም። ውሃውም ከዚህ ንቅንቅ አይልም፤ ጉዳዩን ጨርሻለሁ።

ዝማም፦ ከማን ጋር ነው የጨረስከው?

ቻላቸው፦ ከውሃ አባቱ፣ የመስኖ ተራ ከሚያከፋፍሉት ከጋሽ አስማረ። እስከ ሰኞ የግድቡን በር ላይከፍቱ ቃል ገብተውልኛል።

ዝማም፦ ቆይ፣ ቆይ! ከግድቡ በታች ያሉት ሰዎች ሽንኩርት አምስት ቀን ውሃ ሳያይ የሰነበተው በዚህ ነዋ! ቢጠየቅ ቢጠየቅ አልናገርም ያለን ላንተ ጀልባ ብሎ ነው? የሰው ተራ ዘግታችሁ?

ቻላቸው፦ ሽንኩርት በአምስት ቀን አይሞትም።

ዝማም፦ ሄደህ አየኸው? ጠውልጎ መሬት ላይ ተኝቷል! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ቻላቸው፦ ምን ለማለት ነው?

ዝማም፦ አስማረ ትናንት ወርዷል። ከቤተክርስቲያን መልስ ገበሬው ተሰብስቦ፣ “ተራ የሚያዛባ የውሃ አባት አንፈልግም” ብሎ አወረደው።

ቻላቸው፦ ማን ተተካ?

ዝማም፦ እኔ።

ቻላቸው፦ እርስዎ? ሴት የውሃ አባት?

ዝማም፦ አዎ፣ ሴት! መስኖው ላይ መሬት የላትም፣ አታዳላም ብለው መረጡኝ። ቁልፉ ይኸው ወገቤ ላይ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከፍቼላቸዋለሁ።

ቻላቸው፦ ከፈቱት? ወይኔ ሰውዬው! እዚህ ሜዳ ላይ እኮ ውሃው አንድ ክንድ ከወረደ መቶ እርምጃ ይሸሻል! ቅዳሜ ጀልባዬ ጭቃ ላይ ሊቀመጥ ነው!

ዝማም፦ ይቀመጣ።

ቻላቸው፦ እሺ፣ በቃ፣ ተሸነፍኩ። ድንኳኖቹን አሁኑኑ ላስነሳ፣ እርስዎም በሩን ይዝጉልኝ። እኩል ሆንን።

ዝማም፦ ምን እኩል አለ! ሽምብራው የኔ ነው፣ ውሃው የባለተራው። በሰው ነገር አልደራደርም። ሽምብራዬ እስከ ሥሩ ቢረገጥም አልዘጋውም!

ቻላቸው፦ ጉድ ሆንኩ በሉኛ! ውሃው ከሸሸ ይኸ ሁሉ ድንኳን እዚህ ምን ይሠራል?

ዝማም፦ ይኸንኑ አይደል ከጠዋት ጀምሬ የምጠይቅህ!