እንደጋለ የጠፋ ሞተር

“ማን አጥፋ አለህ? ማን?” አለች ከጎኔ ያለችው ሴት ሾፌሩን።

“እኔን አትቆጪ እቴ፣ አባባ ናቸው ያስጠፉኝ።”

ለመሐል ሜዳ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀረን፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመናል። ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ወርደው ተሳልመው ተመልሰዋል፤ አሮጌው ሚኒባስ ግን አልነሳም ብሏል።

“በቅዳሴ ሰዓት ሞተር ሲያጓራ ዝም ልበል?” አሉ ሽማግሌው።

“ባትሪህ ሞቷል” አለች ሴትየዋ ለሾፌሩ።

“ባትሪ ቢሆን መች ይዞር ነበር? ስሚው፣ እየዞረ ነው። ዳገቱ አግሎት ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኗል። አሮጌ መኪና እንደጋለ ካጠፉት እንዲህ ነው።”

“እስከ መቼ?”

“እስኪበርድ ነዋ! ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ብንጠቀልለው ግን ቶሎ ይነሳል። ውሃ የያዘ አለ?”

ሴትየዋ በሽማግሌው ጭን ላይ ወዳለው ትንሽ ጀሪካን ዞረች።

“አባባ፣ ይስጡት።”

“ለታመመች ልጄ የያዝኩትን ጠበል ሞተር ላይ ላፍስስ? አብደሻል?”

“ጨርቅ ማርጠቢያ ብቻ ነው! ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት አለኝ። ካልቀረብኩ መሬቴን ለሟች ባሌ ወንድም ይፈርዱለታል።”

“እግዜር ያውቅልሻል፣ ታገሺ።”

“ልጆቼንስ? ትዕግሥት ላብላቸው?”

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በእግሯ ልትሄድ ወረደች፤ በሩን ስትወረውረው መስታወቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

እጄ ወደ ጀሪካኑ ተነሳና ጉልበቴ ላይ ተመልሶ ወደቀ።